ስለ እድራችን መኪና ሞተርና ስለ ቫልቭ ክፍተት
በዓመታዊው ጠቅላላ ጉባኤ ላይ የመኪና ኮሚቴው ያቀረበው ንግግር



ባለፈው የወር ስብሰባ «ይኸ መኪና ይሸጥ» የሚል ሐሳብ ቀርቦ ብዙዎቻችሁ እጃችሁን እንዳወጣችሁ አይዘነጋም። ውሳኔው ለዛሬ ሲተላለፍ እኛ የመኪና ኮሚቴ አባላት መኪናው ምን እንደሆነ መርምረን እንድናስረዳ ታዘናል። እንግዲህ ምርመራው ስላለቀ ያገኘነውን እናቀርባለን። ነገሩ የቴክኒክ ነገር ቢሆንም ገንዘቡ የሁላችንም፣ ተሳፋሪውም ሁላችንም ነንና ጥቂት ታገሡን። አንድ ቀን ሁላችንም በዚሁ መኪና ከኋላ ተጋድመን መሄዳችን አይቀርምና ስለ ሞተሩ ማወቁ አይከፋም።

እንደምታውቁት መኪናችን ቶዮታ ሃያስ ነው። ሞተሩ «ሦስት ኤል» የሚባለው፣ 2779 ሲሲ የሆነ ባለ 4 ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ከተማችንን ሲያመላልሱ ከኖሩት ሚኒባሶች ብዙዎቹ ይኸንኑ ወይም ወንድሙን «አምስት ኤል»ን ነው የተሸከሙት። የእኛው ዘይት መብላትና ውሃ መጨረስ ስላበዛ ሞተሩ ወርዶ እንዲታደስ ተደረገ። ቴስታታው ቶርኖ ቤት ሄደ፤ የቫልቭ መቀመጫዎቹ ተቆረጡ፤ ፒስተንና ቀለበት ተለወጠ። ሲመለስ ድምፁ እንደ ልብስ ስፌት መኪና ለስላሳ ነበር። ሾፌራችን «አሁን ገና ሞተር ሆነ» ብሎ ሲደሰት እኛም አብረን ተደስተን ነበር።

ከዚያ በኋላ የሆነውን በየለቅሶው አይታችኋል። ጠዋት በአንድ ቁልፍ ይነሣል። አስከሬን ጭኖ ወደ እንጦጦ የሚያወጣውን የሽሮ ሜዳ ዳገት ሲጀምር ግን ጉልበቱ እየከዳው ይሄዳል። ቤተ ክርስቲያን ደርሶ ሲቆም ሞተሩ ይንቀጠቀጣል። ፍትሐቱ አልቆ፣ ቀብሩ ተፈጽሞ፣ ለቀስተኛው ሊመለስ ሲሳፈር እምቢ ይላል። ሞተሪኖው ይዞራል፣ ይዞራል፣ ሞተሩ አይነሣም። አንድ ሰዓት ቆሞ ሲቀዘቅዝ ደግሞ ምንም እንዳልሆነ ሁሉ ይነሣል። ሐዘንተኛ በመንገድ ዳር ቆሞ ሞተር እስኪበርድ መጠበቅ ምን ያህል እንደሚያሳፍር ለእናንተ አንነግራችሁም።

መድኃኒት አዋቂ መቼም አይጠፋም። አንዱ ባትሪ አለ፤ ባትሪ ተገዛ። ሌላው ሞተሪኖ አለ፤ ሞተሪኖው ተፈትቶ ተጸዳ። ሦስተኛው የናፍጣ ፖምፓ ነው ብሎ ፖምፓው ሊወርድ ሲል ነው እኛ «ቆይ» ያልነው። ምክንያታችንም ቀላል ነበር። ባትሪ የደከመ መኪና የሚያስቸግረው በጠዋት ብርድ ነው እንጂ ሞቆ አይደለም። የእኛው በተቃራኒው ሲቀዘቅዝ ደኅና፣ ሲሞቅ ሕመምተኛ ሆነ። እንግዲህ ሲሞቅ የሚለወጥ ነገር መፈለግ አለበት። ብረት ሲሞቅ ምን ይሆናል? ያድጋል። ሞተር ውስጥ በጥቂት ዕድገት ሥራው የሚበላሽበት ብረት የትኛው ነው? ቫልቭ ነው።

እዚህ ላይ ሞተር ውስጥ ገብቶ ለማያውቅ አባል ትንሽ እናብራራ። በእያንዳንዱ ሲሊንደር ራስ ላይ ሁለት በሮች አሉ፤ አንዱ አየር ማስገቢያ፣ ሁለተኛው ጭስ ማስወጫ ነው። በሮቹ ቫልቭ ይባላሉ። ቅርጻቸው እጀታው ወደ ላይ እንደ ቆመ እንጉዳይ ነው። በላያቸው ካምሻፍት የሚባል ባለ ጉብታ ዘንግ ይዞራል፤ ጉብታው ሲመጣ ቫልቩን ወደ ታች ገፍቶ ይከፍታል፣ ሲያልፍ ሱስታው መልሶ ይዘጋዋል። ሞተሩ በደቂቃ 2000 ጊዜ ሲዞር እያንዳንዱ ቫልቭ 1000 ጊዜ ይከፈታል፣ 1000 ጊዜ ይዘጋል ማለት ነው። የናፍጣ ሞተር ደግሞ ካንዴላ የለውም፤ ናፍጣውን የሚያቀጣጥለው የታመቀው አየር ግለት ብቻ ነው። በሩ በደንብ ካልተዘጋ አየሩ ሾልኮ ይወጣል፣ ግለት የለም፣ እሳትም የለም።

ታዲያ ጉብታው ባልመጣበት ጊዜ በካምሻፍቱና በቫልቩ ራስ መካከል ትንሽ ክፍተት መኖር አለበት። ቫልቩ ሲሞቅ የሚያድግበት ቦታ ይኸ ክፍተት ነው። 100 ሚሊሜትር ርዝመት ያለው ብረት ሙቀቱ በ100 ዲግሪ ሲጨምር ወደ 0.12 ሚሊሜትር ያህል ይረዝማል። ጭስ ማስወጫው ከእሳቱ ጋር ፊት ለፊት ስለሚገናኝ ይበልጥ ይሞቃል፤ ማስገቢያው ግን ንጹሕ አየር እያለፈበት ይቀዘቅዛል። ስለዚህ ለእኛ ሞተር በቀዝቃዛው የሚፈቀደው ክፍተት ለማስገቢያው ከ0.20 እስከ 0.30 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫው ከ0.40 እስከ 0.50 ሚሊሜትር ነው። ሁለቱን አንድ ዓይነት ማድረግ ትልቅ ስሕተት ነው፤ እንዲያ የሚያደርጉ አሉ።

ክፍተቱ ከበዛ ቫልቭ ይንኳኳል፤ ቲክ ቲክ ይላል። ጆሮ ያስቸግራል እንጂ ወዲያው ጉዳት አያመጣም። ካነሰ ግን ምንም ድምፅ የለም። የሞተሩ ድምፅ ለስለስ ይላል፣ ሾፌር ይደሰታል። ሲሞቅ ቫልቩ አድጎ ክፍተቱን ይጨርስና ከመቀመጫው በፀጉር ያህል ይነሣል። ቫልቭ ደግሞ ከእሳት የተቀበለውን ሙቀት አብዛኛውን የሚያራግፈው ተዘግቶ ከመቀመጫው ጋር በተነካካበት ጊዜ ነው። ካልተነካካ ሙቀቱ የሚሄድበት የለውም፤ በጠባቡ ቀዳዳ የሚሾልከው ነበልባልም እንደ ብየዳ እሳት ጠርዙን ይበላዋል። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በሞተር ቤት ግን የሚንኳኳውን ቫልቭ ሳይሆን ዝም ያለውን ነው መፍራት።

አሁን «አዲስ የታደሰ ሞተር እንዴት እንዲህ ይሆናል?» ትላላችሁ። የሆነው በመታደሱ ምክንያት ነው። የቫልቭ መቀመጫ ሲቆረጥ ቫልቩ ወደ ቴስታታው ውስጥ ጠለቅ ብሎ ይቀመጣል። ከታች በጠለቀ ቁጥር እጀታው ከላይ በዚያው ልክ ብቅ ይላል፣ ወደ ካምሻፍቱም ይጠጋል። መቀመጫው በ0.30 ሚሊሜትር ቢጠልቅ ክፍተቱ በዚያው በ0.30 ይቀንሳል። ከዕድሳት በፊት ልክ የነበረው ሁሉ ከዕድሳት በኋላ ልክ አይደለም፤ እያንዳንዱ ቫልቭ እንደገና መለካት አለበት። ያደሰው ጋራዥ ግን የድሮዎቹን ሺሞች በአንድ ጣሳ ውስጥ ቀላቅሎ አስቀምጦ ኖሮ፣ ሲገጥም እጁ ላይ እንደ መጣለት ነው የመለሳቸው። ሳይለካ። የጋራዡን ስም መጥራት አያስፈልግም፤ እንዲህ የሚሠራው እሱ ብቻ አይደለም።

ሺም ምንድነው? ከመካከላችን ቮልስዋገን ወይም ላዳ የነዱ ብዙ ናቸው። በእነዚያ መኪናዎች የቫልቭ ክፍተት የሚስተካከለው በብሎን ነው፤ ዳዶውን ፈታ፣ ብሎኑን ትንሽ አዞር አድርጎ፣ ፊለር አስገብቶ፣ ዳዶውን ማጥበቅ ነው። በላዳ ላይ ለሁሉም ቫልቭ 0.15 ነው፤ እንቅልፍ እንቅልፍ እያለውም ሰው ይሠራዋል። በእኛ ሃያስ ላይ ብሎን የለም። ካምሻፍቱ በቀጥታ የሚጫነው በቫልቩ ላይ የተደፋውን ኩባያ መሳይ ብረት ነው። በኩባያው ራስ ላይ እንደ ሳንቲም ክብ የሆነች ጠንካራ ብረት ትቀመጣለች፤ ሺም የምትባለው እሷ ናት። ክፍተቱን ማጥበብ የፈለገ ወፈር ያለች፣ ማስፋት የፈለገ ቀጠን ያለች ሺም ይገጥማል። የሺሞቹ ውፍረት በየ0.05 ሚሊሜትር ይለያያል። ሥራው አድካሚ ነው፣ አንዴ ልክ ከሆነ ግን ዳዶ ላልቶ የሚበላሽ ነገር ስለሌለው ብዙ ይቆያል። በእኛ አስተያየት ከብሎኑ የተሻለ ነው፤ ችግሩ ትዕግሥት የሌለው ሰው እጅ ሲገባ ነው።

እንግዲህ እንዴት እንደሠራን እንናገር። መኪናው ከቅዳሜ ማታ ጀምሮ ቆሞ አደረ፣ ምክንያቱም ልኩ የሚወሰደው ሞተሩ ፈጽሞ በቀዘቀዘበት ነው። እሑድ ከቅዳሴ መልስ የፊት ወንበሩን አነሣን፤ የሃያስ ሞተር ከወንበር ሥር ስለሆነ የሚሠራ ሰው ተንበርክኮ እንደሚጸልይ ነው የሚሆነው። የቫልቭ ሽፋኑ ተከፈተ። ማርሹን ነጻ አድርገን፣ በፊተኛው ፑሊ ብሎን ላይ በቁልፍ ሞተሩን በእጅ ወደ ተፈጥሮ መዞሪያው አቅጣጫ ብቻ አዞርነው። አንደኛው ፒስተን በእመቃ ጊዜ ጫፍ ሲደርስ ምልክቶቹ ይገጥማሉ፤ የአንደኛው ሲሊንደር ሁለት ኩባያዎች ነጻ፣ የአራተኛው ግን የተያዙ መሆን አለባቸው። በዚያን ጊዜ የሚለኩት የአንደኛውና የሁለተኛው ማስገቢያ፣ የአንደኛውና የሦስተኛው ማስወጫ ናቸው። ከዚያ ሞተሩ አንድ ሙሉ ዙር ይዞርና የቀሩት አራቱ ይለካሉ፤ ይኸውም የሦስተኛውና የአራተኛው ማስገቢያ፣ የሁለተኛውና የአራተኛው ማስወጫ። የተኩሱ ተራ 1፣ 3፣ 4፣ 2 ስለሆነ ነው እንዲህ የሚሆነው።

ፊለር እንደ ቢላዋ የተደረደሩ ቀጫጭን ብረቶች ናቸው፣ በእያንዳንዱ ላይ ውፍረቱ ተጽፏል። በሺሙና በካምሻፍቱ መካከል ሲገባ እንደ ተልባ ከሾለከ ቀጥኗል፤ ካልገባም ወፍሯል። ያዝ እያደረገ መሳብ አለበት። ይኸን እጅ ነው የሚያውቀው፣ በንግግር አይሰጥም። ሦስት ሰዎች ሆነን እያንዳንዱን ቫልቭ በየተራ ለካን፤ ሦስታችንም ተመሳሳይ ስናገኝ ብቻ ጸሐፊያችን መዘገበ።

የተገኘውም እንዲህ ነው። ከስምንቱ ሦስቱ ደኅና ነበሩ። የአንደኛው ማስገቢያ 0.32 ሆኖ ጥቂት ሰፍቷል። የሁለተኛው ማስገቢያ 0.12፣ የአራተኛው ማስገቢያ 0.17 ሆነው ጠበዋል። ትልቁ ጉድ ማስወጫዎቹ ላይ ነው፤ ከ0.40 ማነስ የሌለበት የሁለተኛው ሲሊንደር 0.15፣ የሦስተኛው ደግሞ 0.10 ሆኖ ተገኘ። መሐል ላይ ያሉት ሁለቱ ሲሊንደሮች ናቸው እንግዲህ ዳገት ላይ ይከዱን የነበሩት።

ሺም ለማውጣት ጉብታው ወደ ላይ እንዲሆን ሞተሩ ይዞርና ኩባያው በልዩ መሣሪያ ወደ ታች ተጭኖ ይያዛል፤ ከዚያ ሺሟ በቀጭን ካቻቪቴ ተነቅንቃ በማግኔት ትወጣለች። መሣሪያውን ከአንድ የሠፈራችን መካኒክ ተዋስን። መሣሪያ የሌለው ሰው በካቻቪቴ ብቻ ሲታገል ኩባያውን ይፍቃል ወይም ጣቱን ያጣል። የወጡት ሺሞች በእንቁላል መያዣ ካርቶን ላይ በየሲሊንደራቸው ቁጥር ተቀመጡ። ውፍረታቸው በማይክሮሜትር ተለካ፤ የተጻፈባቸው ቁጥር ካምሻፍቱ ካጠፋው ወይም ሺሟ ከተበላች አይታመንም።

ቀጥሎ ያለው ሒሳብ የሦስተኛ ክፍል ልጅ ይሠራዋል። በቦታው በነበረው ሺም ውፍረት ላይ የተለካውን ክፍተት መደመር፣ የሚፈለገውን ክፍተት መቀነስ ነው። የሦስተኛው ማስወጫ ሺም 2.95 ነበር፤ 0.10 ሲደመር 3.05፤ የሚፈለገው 0.45 ሲቀነስ 2.60። ስለዚህ 2.60 የሆነች ሺም ትፈለጋለች። የሁለተኛው ማስወጫ 2.90 ነበር፤ 0.15 ተደምሮ 0.45 ሲቀነስ እሱም 2.60። የአንደኛው ማስገቢያ 2.65፣ የሁለተኛው 2.80፣ የአራተኛው 2.75 ነበሩ።

ከመግዛት በፊት መለዋወጥ ይቻል እንደሆነ ማየት ነው። ጠቦ የነበረው የሁለተኛው ማስገቢያ የአንደኛውን 2.65 ቢወስድ ክፍተቱ 0.27 ይሆናል፤ ደኅና ነው። ሰፍቶ የነበረው አንደኛው ማስገቢያ ደግሞ የአራተኛውን 2.75 ቢወስድ 0.22 ይሆናል፤ እሱም በልኩ ውስጥ ነው። ሁለቱ ያለ አንድ ሳንቲም ተስተካከሉ። ለቀሩት ሦስት ቫልቮች ሁለት ባለ 2.60 እና አንድ ባለ 2.65 አስፈለጉ። ሰኞ ሶማሌ ተራ ወርደን፣ ማይክሮሜትራችንን ይዘን፣ ከተፈቱ ሞተሮች ከወጡት ውስጥ ያልተበሉትን እየለካን መረጥን። ነጋዴው በመጀመሪያ ቢስቅብንም በኋላ ራሱ እየለካ ያቀብለን ጀመር። የሦስቱ ዋጋ ዛሬ ለጉባኤው ከቀረበው ለስላሳ ዋጋ ብዙም አልራቀም።

እዚያው ሳለን አንድ ሰው «ለምን ትደክማላችሁ? ወፍራሟን በስሜሪሊዮ ድንጋይ ፈግፍጋችሁ አቅጥኗት» ብሎ መከረን። ይኸ ምክር በብዙ ጋራዥ የሚሠራበት ስለሆነ መልስ ይገባዋል። የሺም ፊት በሙቀት የጠነከረ ነው። ድንጋይ ላይ በእጅ ሲፈገፈግ ጠንካራው ቆዳ ይነሣል፣ ፊቱም ጠፍጣፋ አይሆንም። ከዚያ ካምሻፍቱ ሺሟን፣ ሺሟም ካምሻፍቱን ይበላሉ። በሦስት ሺም ዋጋ የዳነ ገንዘብ በአንድ ካምሻፍት ይከፈላል። ሲገጠምም ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ ታች ነው፣ ዘይት ተቀብታ።

ሺሞቹ ከገቡ በኋላ ሞተሩን በእጅ ጥቂት ዙር አዙረን ስምንቱንም እንደገና ለካን። ማስወጫዎቹ ሁለቱም 0.45፣ የአራተኛው ማስገቢያ 0.27 ሆኑ። ሽፋኑ ተዘጋ። መኪናው ሲነሣ ቀለል ያለ ቲክ ቲክ ስለሚሰማ ሾፌራችን ደነገጠ፤ ለማስረዳት ትንሽ ጊዜ ወስዶብናል። በማግስቱ ድንኳኑን፣ አግዳሚዎቹንና ብረት ድስቶቹን በሙሉ ጭነን የሽሮ ሜዳን ዳገት ወጣን። ከላይ አጥፍተን፣ በጋለ ሞተር ወዲያው አስነሣነው። ተነሣ። አምስት ጊዜ ደገምነው፣ አምስቱንም ተነሣ። ከዚያ ወዲህ ከነበሩት ለቅሶዎች በአንዱም ላይ አልቆመም፤ ይኸን እናንተ ትመሰክራላችሁ።

ይኸን ለሥራ አመራሩ ስናስረዳ አንዲት እናታችን «ልጆቼ፣ በወረቀት ውፍረት ነው ያን ሁሉ ሰዓት ደጀ ሰላም ያስቀመጣችሁን?» ብለው ጠይቀውን ነበር። አዎ እማማ፣ በወረቀት ውፍረት ነው። አንድ ቅጠል የጽሕፈት ወረቀት ወደ 0.10 ሚሊሜትር ይሆናል። ሦስተኛው ቫልቭ የጎደለው ሦስት ቅጠል ተኩል ነው። እሳቸውም «ታዲያ መኪናው ምን አጠፋ» አሉ። እኛም የምንለው ይኸንኑ ነው።

አንድ ነገር ግን ሳንደብቅ እንናገር። ሁለቱ ማስወጫ ቫልቮች ጠበው ብዙ ኪሎ ሜትር ሠርተዋል። ጠርዛቸው ምን ያህል እንደተጎዳ ቴስታታው ካልወረደ በዓይን አይታይም። በሞቀ ሞተር እመቃቸው ተለክቶ ከሌሎቹ ሁለቱ ጋር የተቀራረበ ስለሆነ ለአሁኑ ማውረድ አያስፈልግም ብለናል። ከስድስት ወር በኋላ ደግመን እንለካለን፤ እመቃው ከወረደ ያን ጊዜ ቴስታታው ይወርዳል፣ ወጪውም ለጉባኤው ይቀርባል። ስለዚህ «መኪናው ፍጹም ድኗል» ብለን አንምልም። መሸጥ ግን አይገባም የምንለው አሁን የሚገኘው ዋጋ የታመመ መኪና ዋጋ ስለሆነና በምትኩ የሚገዛውም ያገለገለ መኪና፣ የቫልቩ ክፍተት በማን እንደተለካ የማይታወቅ ስለሚሆን ነው። በየቀብሩ መኪና መከራየት ይሻላል የሚሉ ወንድሞች አሉ፤ ሌሊት ሰው ሲሞት የሚከራይ መኪና ማን እንደሚያገኝላቸው ይንገሩን።

ስለዚህ ለዛሬው ውሳኔ የምናቀርበው ሦስት ነገር ነው። መኪናው አይሸጥ። እድሩ የራሱን ፊለር፣ ማይክሮሜትርና የሺም ማውጫ መሣሪያ ይግዛ፤ የተዋስነውን መልሰናልና። ወደፊት ደግሞ ቴስታታ ለተከፈተበት ሥራ ለማንኛውም ጋራዥ የመጨረሻው ክፍያ የሚፈጸመው የስምንቱ ቫልቭ ክፍተትና የስምንቱ ሺም ውፍረት በወረቀት ተጽፎ፣ ተፈርሞ ሲመጣ ብቻ ይሁን። ይኸን ወረቀት መስጠት እምቢ የሚል ጋራዥ አልለካም ማለት ነው።

የታይሚንግ ቺንጋውም ነገር አለ። በዳሽቦርዱ ላይ በየ100,000 ኪሎ ሜትሩ የሚበራው መብራት ሲበራ አምፖሉን መንቀል የለመደ ሰው ካለ እንዲተወው፤ ቺንጋው ቢበጠስ ፒስተኖቹ ቫልቮቹን ይመታሉ፣ ያን ጊዜ ሺም አያድነንም። የእኛው በዕድሳቱ ጊዜ ተለውጧል፣ የተለወጠበት ኪሎ ሜትርም በመዝገቡ ላይ አለ።

የተረፉት ሦስት ሺሞች፣ ይኸውም 2.80፣ 2.90 እና 2.95፣ በዘይት ጨርቅ ተጠቅልለው በቆርቆሮ ሣጥን ውስጥ ናቸው። የስምንቱ ቫልቮች ልክ የተጻፈበት ወረቀትም ከእነሱ ጋር ነው። ሣጥኑ ከድንኳኑ ጋር በዕቃ ቤት ተቀምጧል፤ ቁልፉ በንብረት ያዡ እጅ ነው፣ ማየት የሚፈልግ አባል ሁሉ ጠይቆ ማየት ይችላል።